በጉባኤ የተነገረ ቁጥር ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ

በዩኒቨርሲቲ አዳራሾች ከሚሰጡት ሕዝባዊ ንግግሮችና ከሚካሄዱት የጥናት ጉባኤዎች መካከል ስለ ኢነርጂና ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚደረጉት ከሌሎቹ ይልቅ ወደ መምህሩ ጆሮ ቶሎ ይደርሳሉ። ሌላው ጥናት ታትሞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲቀር፣ ስለ ደን መመናመን፣ ስለ ማገዶ እጥረት ወይም ስለ ኃይል ማመንጫ ግድብ የተነገረው ግን በሬዲዮ ይሰማል፤ በጋዜጣ ይጠቀሳል፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይም በጂኦግራፊ ወይም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ይሁን እንጂ ተናጋሪው የብዙ ዓመት ድካሙን በሃያ ደቂቃ አሳጥሮ እንዲያቀርብ ስለሚገደድ፣ ከአዳራሹ ውጭ የሚዘልቀው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቦታና በማን እንደ ተለካ የሚያስረዳው ክፍል እዚያው ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ካሉት ቁጥሮች ጥቂቶቹን አንሥቶ ከየት እንደ መጡና መምህሩም ሆነ ዕቅድ አውጪው ከመቀበሉ በፊት ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የ40 በመቶው ደን

በአገራችን ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ይኸውም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት 40 በመቶው በደን የተሸፈነ እንደ ነበረና በኋላ ግን ወደ 3 በመቶ እንደ ወረደ የሚናገረው ነው። ይህ ጸሐፊም ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «የዚያን ጊዜ ማን ለካው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ግን መልስ አላገኘለትም።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። በ1900 የኢትዮጵያን ደን የለካ ሰው አልነበረም። ከአየር ላይ የሚነሣ ፎቶግራፍ ቀርቶ አውሮፕላኑ ራሱ ገና አልተሠራም። ቁጥሩ በአብዛኛው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ባለሙያዎች የዝናቡን መጠንና የቦታውን ከፍታ ተመልክተው ደን ሊያበቅል ይችል የነበረውን መሬት በማሰብ የደረሱበት ግምት ነው። «ሊያበቅል ይችል ነበር» የተባለው ግን በየጉባኤው ሲደጋገም «አብቅሎ ነበር» ወደሚል ተለወጠ። የታሪክ ተመራማሪው ጀምስ ማካን በ1997 ባሳተሙት ጥናት ይህን አባባል መርምረው መሠረቱ የላላ መሆኑን አሳይተዋል። እርሳቸው የጥንት መንገደኞችን ማስታወሻ ከቦታው ገጽታ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በሰሜን ደጋ ብዙው ቦታ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመንም እርሻና ግጦሽ ሆኖ አገኙት። በአንጻሩ በደቡብ ምዕራብ በጌራ ዛሬ ደን ከለበሰው መሬት ከፊሉ ቀድሞ ይታረስ እንደ ነበረ ተረዱ።

ይህ ሲባል ግን ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም። በተለይ በደቡብ ምዕራብና በባሌ በኩል ባለፉት አምስት አሥርተ ዓመታት የደረሰው ጥፋት ከ1972 ጀምሮ በሳተላይት በተነሡ ሥዕሎች በግልጽ ይታያል፤ ይህንንም ተማሪዎች ማወቅ ይገባቸዋል። ልዩነቱ አንደኛው የተለካ፣ ሁለተኛው የተገመተ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ ለዕቅድ አውጪ ቀላል ነገር አይደለም። ደኑ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከ40 ወደ 3 በመቶ ወርዷል ብሎ የሚያምን ሰው ገበሬውን እንደ አጥፊ ስለሚመለከተው፣ ገበሬውን ሳያማክር ተራራ ይከልላል፤ ችግኝ ያስተክላል። በ1980ዎቹ በምግብ ለሥራ ዘመቻ በብዙ ጉልበት ከተተከለው ዛፍ ከፍተኛው ክፍል በ1991 በመንግሥት ለውጡ ወቅት በየቦታው ተቈርጧል። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። ይሁንና ሰው የእኔ ነው ያላለውን ዛፍ አይጠብቅም።

የተለካው ቁጥርም ቢሆን ትርጉሙን ካላወቁት ያሳስታል። ለዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የ2010 ዘገባ በቀረበው መረጃ የአገራችን የደን ሽፋን 11 በመቶ ገደማ ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ 15.5 በመቶ መሆኑ ተገለጸ። በዚያ አጭር ጊዜ ደኑ ይህን ያህል አላደገም፤ በዋናነት የተለወጠው «ደን» የሚለው ቃል ትርጉም ነው። ቀድሞ ቁመቱ ቢያንስ 5 ሜትር የሆነ ዛፍ ይፈለግ የነበረው፣ በአዲሱ ትርጉም 2 ሜትር ከበቃና ጥላው ከመሬቱ 20 በመቶውን ከሸፈነ ከደን የሚቈጠር ሆነ። በዚህም ምክንያት ብዙ የቈላ ጫካ ወደ ሒሳቡ ገባ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ደናችን አደገ» የሚል ተናጋሪም ሆነ «ዘገባው ሐሰት ነው» የሚል አድማጭ እኩል ይሳሳታሉ።

በሒሳብ የመጣ የማገዶ ረሀብ

የነዳጅ ዘይት ዋጋ በ1973 በድንገት ባሻቀበ ጊዜ የዓለም ዐይን ሁሉ በዘይት ላይ ነበረ። ኤሪክ ኤክሆልም የተባሉ አሜሪካዊ ጸሐፊ በ1975 ባወጡት ጥናት ለድኻው ዓለም ትልቁ የኢነርጂ ችግር የማገዶ እንጨት መሆኑን አስገነዘቡ። ማስገንዘባቸው ትክክል ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት ስለ ማገዶ በጉባኤ የሚናገር ጥቂት ነበርና። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ በተለመደው ስሌት ነው። አንድ ሰው በዓመት የሚያነደው እንጨት በሕዝቡ ብዛት ይባዛል፤ ከዚያ ላይ ደኑ በዓመት የሚያድገው መጠን ይቀነሳል፤ ጉድለቱም በየዓመቱ ከቆመው ደን ላይ ይነሣል። በዚህ መንገድ በየአገሩ የመጨረሻው ዛፍ የሚቈረጥበት ዓመት ተተነበየ። ዓመቱ ደረሰ፤ አለፈም፤ በብዙ አገር ዛፉ ግን ቆሞ ተገኘ።

ጄራልድ ሊችና ሮቢን ሚርንስ በ1988 ባሳተሙት መጽሐፍ ምክንያቱን ዘርዝረውታል። ስሌቱ የቈጠረው የደኑን ዛፍ ብቻ ሲሆን፣ የገጠር ሰው ግን ብዙውን ማገዶ የሚያገኘው ከደጁ፣ ከማሳው ዳርና ከአጥሩ ነው። ከዚህም ሌላ ስሌቱ ሰው ሲቸግረው ጠባዩን እንደሚለውጥ አላሰበም። በእኛ አገር በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ በጉራጌና በሌሎችም ደጋማ ቦታዎች የገበሬው የቁጠባ ሣጥን ሆኗል። በአዊ በፋግታ ለኮማ ደግሞ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ ከጤፍ ጋር አሰባጥረው እየተከሉ ከሰል አክስለው ይሸጣሉ። ዕቅድ አውጪው በወረቀት ያላየውን ዛፍ ገበሬው በእጁ ተክሎታል።

ይህ ማለት ችግሩ የለም ማለት ነውን? አይደለም። ችግሩ ያለው ስሌቱ ባላየው ቦታ ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ ሰው ኩበት ያነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ምርቱም ይቀንሳል። በ1984 የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ስለ ኢትዮጵያ ባቀረቡት ጥናት ይህን ጉዳት በእህል ዋጋ አስልተው ማሳየታቸው፣ በዚያ ዘመን ከቀረቡት ትንቢቶች ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ሥራ ነበር ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶች ድካምም በሜትር ኩብ የሚለካ አይደለም።

ስለ ግድቦች የሚነገረው እንዲሁ ሁለት ዓይነት ቁጥር ስላለው በአጭሩ ማንሣት ያሻል። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው ሲባል፣ ይህ ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ ኃይል ሲዞሩ በአንድ ቅጽበት የሚሰጡት ነው። በዓመት ይመነጫል ተብሎ የታቀደው ግን ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ይህም ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ቢዞሩ ከሚገኘው ሢሶውን ያህል ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ወንዝ በክረምትና በበጋ እኩል ስለማይፈስ ነው። ሜጋዋትን ከጊጋዋት ሰዓት ሳይለይ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን የመኪናን ፍጥነት ከተጓዘችው ርቀት ጋር እንዲያምታታ ያደርገዋል።

ምድጃው በቤተ ሙከራና በማድ ቤት

ከሁሉም ይልቅ ለክፍል የሚመቸው የምድጃ ጥናት ነው። እንጀራ መጋገር በአገራችን ማድ ቤት ከሚነደው ማገዶ ብዙውን ድርሻ እንደሚወስድ ይታወቃል። ምጣዱ ሰፊ ነው፤ ሙቀቱም 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ አብዛኛው ነበልባል በጎን ያመልጣል። በ1990ዎቹ የተሠራው «ምርጥ» ምድጃ እሳቱን ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተሠራ ግድግዳ በመክበብ ይህን ብክነት ይቀንሳል። በቤተ ሙከራ ሲፈተን ማገዶውን በግማሽ ያህል እንደሚቈጥብ ተነገረ፤ ቁጥሩም በየጉባኤው ተደገመ። በ2018 ታትሞ በወጣ ጥናት ግን ምድጃው በገጠር ቤተሰቦች ዘንድ በተጨባጭ ሲፈተን ቁጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። በቤተ ሙከራ እንጨቱ ደረቅና በልክ የተፈለጠ ነው፤ እሳቱን የሚጠብቅም ሰው አለ። በቤት ግን እንጨቱ አንዳንዴ እርጥብ፣ አንዳንዴ ረጅም ነው፤ እመቤቲቱም ሊጥ ስታፈስ ልጅ ያለቅስባታል። ለዕቅድ አውጪ ሊጠቅም የሚችለው ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ቁጥር ተነሥቶ «ይህን ያህል ሄክታር ደን እናድናለን» ብሎ የጻፈ ዕቅድ፣ ምድጃው መልካም ሆኖ ሳለ እንኳ ከተስፋው ግማሽ ላይ ይቀርና ምድጃው ራሱ ይወቀሳል።

የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በፀሐይ ኃይል እንጀራ ለመጋገር ያካሄደው ምርምርም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተመራማሪዎቹ የፀሐይን ሙቀት በ220 ዲግሪ ገደማ በሚቀልጥ የናይትሬት ጨው ውስጥ ማጠራቀም የፈለጉት ስለ ጋጋሪዋ ሰዓት በማሰብ ነው፤ ፀሐይ የምትበረታው በእኩለ ቀን ሲሆን እንጀራ ግን በማለዳም በማታም ይጋገራልና። ስለ ፀሐይ ምድጃ የሚሰጥ ንግግር የሚሰማ መምህር አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባውም ስለዚሁ ሰዓት ነው።

የምድጃን ብቃት ተማሪዎች ራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው የሱቅ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ብረት ድስትና እንጨት ብቻ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ይጣድ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ በ72 ዲግሪ ይጨምራል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ውሃው የተቀበለው ወደ 605 ኪሎ ጁል ይሆናል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ 15,000 ኪሎ ጁል ገደማ ይሰጣል። ለምሳሌ ግማሽ ኪሎ ነድዶ ከሆነ ከተገኘው 7,500 ኪሎ ጁል ውስጥ ድስቱ የገባው ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ጢስና ነፋስ ይዞት ሄዷል። የተረፈው ፍም ከጠፋ በኋላ መመዘኑ እንዳይረሳ፤ ያልነደደ ማገዶ ነውና ከሒሳቡ መቀነስ አለበት። ሙከራው መጀመሪያ በደረቅ እንጨት፣ በማግስቱ በእርጥብ ይደረግና ሁለቱ ውጤቶች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። ከተቻለ በሦስተኛው ቀን እሳቱን ከመምህሩ ይልቅ ከተማሪዎቹ እናቶች አንዷ እንድታነድ ትጋበዝ።