ኮምፒዩተሩ በርቷል፤ ፕሮግራሞቹስ ደርሰዋል?

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚሁ ነበር። ሳተላይቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ነበር፤ የተላከችውም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ምድርን እንድትዞር ነው። በዚያ ከፍታ የሚዞር አካል በሴኮንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። አንድ ጣቢያ በአንድ ዙር ሊያገኘው የሚችለው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ ሳተላይት ከአድማስ ብቅ ሊል ሲል መብራት ጠፍቶ ቢመለስስ?

በማንኛውም እንዲህ ያለ ጣቢያ ኮምፒዩተር ሲነሣ ከጀርባ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች አብረው ይነቃሉ። አንዱ ኔትወርኩን ያገናኛል፣ ሌላው በኔትወርኩ በኩል ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ሦስተኛው ዳታቤዙን ይከፍታል፣ አራተኛው በሰዓቱ ተመርቶ አንቴናውን ያዞራል። አራተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ሥራ ቢጀምርና ሰዓቱ በ1 ሴኮንድ ቢሳሳት፣ ሳተላይቱ ከተገመተበት ቦታ 7.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል።

ቅደም ተከተል ማስያዝ ብቻውን አይበቃም። ምጣድ ሶኬት ላይ ስለተሰካ ብቻ ሊጥ አይፈስበትም፤ እስኪግል ይጠበቃል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝም መብራት በድንገት ከጠፋበት፣ ሲነሣ በመጀመሪያ የለውጥ መዝገቡን እያነበበ ያልተጠናቀቀውን ያስተካክላል። እስኪጨርስ ድረስ ለሚመጣበት ጥያቄ ሁሉ ገና በመነሣት ላይ ነኝ ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ መታገስ የማያውቅ ፕሮግራም ወዲያው ይወድቃል።

ብዙዎች የሚመርጡት አቋራጭ 30 ሴኮንድ ጠብቅ የሚል ትእዛዝ መጻፍ ነው። ይህ ግምት በደህና ቀን ጊዜ ያባክናል፤ በክፉ ቀን ደግሞ አይበቃም።

በ2010 እ.ኤ.አ. ሊኑክስ ለተባለው ስርዓተ ክወና የተሠራው፣ ፕሮግራሞችን የሚያስነሣው ሲስተምዲ የተሻለ መንገድ አለው። አንድ አገልግሎት፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ከሌላው በኋላ ይነሣ ተብሎ ሲታዘዝ፣ በተለመደው አሠራር ሲስተምዲ የሚያየው የመጀመሪያው መነሣቱን እንጂ መድረሱን አይደለም። አገልግሎቱ «አሳዋቂ» ተብሎ ከተመዘገበ ግን ራሱ ዝግጁ ነኝ የሚል መልእክት እስኪልክ ድረስ ተከታዩ አይነሣም። በብዙ ሰርቨሮች ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስተዳድረው ኩበርኔትስ ደግሞ ሁለት ጥያቄዎችን ይለያል፦ አገልግሎቱ በሕይወት አለ? ሥራ ለመቀበልስ ደርሷል? ሁለቱን የሚያምታታ ባለሙያ በማገገም ላይ ያለን ዳታቤዝ እንደሞተ ቆጥሮ ደጋግሞ ያስነሣዋል፤ ዳታቤዙም ከማገገም አይወጣም።

ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ግን የመነሻውን ሰዓት ብቻ ነው። ኔትወርክ በእኩለ ቀንም ይቋረጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ያጣውን አገልግሎት የቆይታ ጊዜውን እያራዘመ ደጋግሞ መሞከር አለበት። ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይረባረቡም ቆይታቸው ጥቂት ይለያይ።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ አደጋው እስኪመጣ ባይጠብቅ ይመረጣል። በሙከራ ማሽን ላይ ኃይሉን ራሱ አቋርጦ ይመልስ፤ የትኛው ፕሮግራም ማንን ሳይጠብቅ እንደተነሣ የማሽኑ የክንውን መዝገብ ይነግረዋል።