ጤዛው ሳይረግፍ

መስከረም ጠብቶ የመርጡለ ማርያም ስንዴ ማርገዝ ሲጀምር ገበሬው ጤዛው ሳይረግፍ ማሳው ውስጥ እንዲገባ እመክራለሁ። ቅጠሉ ላይ በስፌት መኪና የተወጋ የሚመስል፣ በመስመር የተደረደረ ቢጫ ነጠብጣብ ካለ በጣት ዳበስ ማድረግ ነው። ጣት ላይ እንደ እርድ ዱቄት ከቀረ ቢጫ ዋግ ገብቷል።

ዋግ ስሙ የቆየ ነው፤ በትንቢተ አሞጽ እንኳ ከመቅሠፍት ተቆጥሯል። እርግጥ ሲበረታ መቅሠፍት ይመስላል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ፈንገስ ነው። ያ ቢጫ ዱቄት ዘሩ ነው፤ ነፋስ ከአገር አገር ያሻግረዋል። ቅጠል ላይ ሲያርፍ ለመብቀል ለጥቂት ሰዓታት ያልደረቀ ጤዛ ይበቃዋል፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለው የደጋ ብርድም ይስማማዋል። ከገባ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ተደብቆ ይቆያል። እንግዲህ ዛሬ የምናየው ቢጫ ያለፈው ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረው የጉምና የካፊያ ሥራ ነው። መዘግየት የሚጎዳው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት)፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ጋር ሆኖ ነፋሱ የዋጉን ዘር ወዴት እንደሚወስድ የሚተነብይ ሥርዓት ዘርግቷል። ትልቅ ሥራ ነው፤ ማስጠንቀቂያው ግን እያንዳንዱን ማሳ ገብቶ አያይም።

ዋግ በደረቀ ገለባ ላይ አይኖርም፤ አረንጓዴ ስንዴ ይፈልጋል። ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ መንቀል የሚጠቅመው በዚህ ነው። የበጋ መስኖ ስንዴም ካልተጠበቀ ዋጉን ለክረምቱ ሊያቆየው ይችላል።

ዋግ የሚቋቋም የስንዴ ዘር መምረጥ ዋናው መከላከያ ነው፤ አንዱን ብቻ ማመን ግን ያሰጋኛል። በ2002 ዓ.ም. ክረምት ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ መታው። ብዙ ገበሬ ቢጫውን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ የተባለው ሌላ የዋግ ዓይነት ባሌና አርሲ ላይ ያንኑ ዲገሉን አወደመው።

ዋጉ ከታየ እንደ ቲልት ያለውን መድኃኒት ነፋስ በሌለበት፣ ዝናብ በማያሰጋበት ሰዓት፣ አፍንጫና እጅን ሸፍኖ መርጨት ነው። የታመመው ቅጠል መልሶ አይለመልምም፤ ቢጫው ደርቆ ጠባሳው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ዓይን የማይነሣው ከላይኛው፣ ከመጨረሻው ቅጠል ላይ ነው፤ ፍሬውን በይበልጥ የሚሞላው እሱ ነውና።