የቀድሞዋ ስፔን ሐኪሞችና ደራሲያን የአንጎል ሕመምን የተረዱበት መንገድ

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስፔን ሐኪሞች የማስታወስ ችሎታ መድከምንም ሆነ የአእምሮ መታወክን ያስረዱ የነበረው በአንጎል ሙቀት፣ ቅዝቃዜ፣ እርጥበትና ድርቀት ነበር። አስተሳሰቡ ከጥንታዊው ሐኪም ከጋሌን የተወረሰ ሲሆን፣ ጤና የሚጠበቀው ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ሲመጣጠኑ ነው የሚል ነው።

ይህን ትምህርት ከመንግሥት አስተዳደር ጋር ያያያዘው ሐኪሙ ኹዋን ኡዋርቴ ዴ ሳን ኹዋን ነው። ኡዋርቴ ስለ ሰዎች ተሰጥኦ የጻፈውንና እ.ኤ.አ. በ1575 በባዔሳ ከተማ የታተመውን መጽሐፍ ያበረከተው ለንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ነበር። እንደ ሐኪሙ አገላለጽ፣ የማስታወስ ኃይል እርጥበትን፣ የማስተዋል ኃይል ድርቀትን፣ ምናብ ደግሞ ሙቀትን ይሻል። ሕፃናት አንጎላቸው እርጥብና ለስላሳ በመሆኑ ፈጥነው ያጠናሉ፤ የአረጋውያን አንጎል ግን ስለሚደርቅ ቢረሱም አስተዋዮች ናቸው። በዚህም መሠረት እያንዳንዱ ሰው ተሰጥኦው ተመርምሮ ለሚስማማው ትምህርትና ሙያ ብቻ እንዲመደብ ለንጉሡ ሐሳብ አቅርቧል።

ይሁን እንጂ ማስተዋል በአንጎል ላይ የተመሠረተ ነው መባሉ የነፍስን ዘላለማዊነት ያጠራጥራል በሚል ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት መጽሐፉን አግዷል። እ.ኤ.አ. በ1594 እንደገና የታተመውም ተቆርጦና ታርሞ ነው።

የሕክምናው አስተሳሰብ በሥነ ጽሑፍም በግልጽ ይታያል። ሚጌል ዴ ሴርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 ባሳተመው ልቦለድ፣ ዶን ኪኾቴ ከእንቅልፍ ማነስና ከንባብ ብዛት አንጎሉ ደርቆ አእምሮውን ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1615 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ከስድስት ሰዓት በላይ ተኝቶ ሲነቃ አእምሮው ይመለስለታል። እንቅልፍ አንጎልን ያረጥባል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ፈውሱ ከዘመኑ ሕክምና ጋር የሚስማማ ነው።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1613 ባሳተመው ሌላ ታሪክ ውስጥ፣ አንድ የሕግ ምሩቅ የፍቅር መድኃኒት የተጨመረበት ፍሬ በልቶ ከታመመ በኋላ ሰውነቱ መስታወት የሆነ ይመስለዋል። እሰበራለሁ ብሎ በመስጋትም ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳለ የሚሰጠውን ብልህ መልስ ለመስማት ሰዎች ይሰበሰቡ ነበር። አንድ መነኩሴ ፈውሶት በጥብቅና ሥራ ለመተዳደር ሲሞክር ግን ሕዝቡ እንደ ቀድሞው እየተከተለ መቆሚያ አሳጣው። በዚህም የተነሳ ወደ ፍላንደርስ ዘምቶ በወታደርነት ሕይወቱ አልፏል።

የእርጥበትና የድርቀት ትምህርት ዛሬ ተቀባይነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1957 የታተመው የስኮቪልና የሚልነር ጥናት አዲስ ነገርን በማስታወስ ረገድ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል ያለውን ወሳኝ ድርሻ አሳይቷል። ሆኖም የቀድሞዎቹ ሐኪሞች የአእምሮ መታወክን መንስኤው በአካል ውስጥ የሚገኝና ሊታከም የሚችል ሕመም አድርገው ማየታቸው ትልቅ እርምጃ ነበር። ሴርቫንቴስ በበኩሉ የዳነ ሰው ሥራና ቦታ ካልተሰጠው ፈውሱ ሙሉ እንደማይሆን አመልክቷል።