የዓመት መዝጊያ ድግስ ወጪውን የሚመልሰው መቼ ነው?

ሰኔ 30 የመንግሥት የበጀት ዓመት ይዘጋል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። በዚያ ሰሞን ከሒሳብ መዝጋቱ ጎን ለጎን በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ዘንድሮ ለሠራተኛው ምን እናድርግ? በአዋሽና በሰመራ ጥያቄው ከሌላው ቦታ ይከብዳል። አዋሽ ሰባት ባቡር የቆረቆራት ከተማ ናት፤ ዛሬም ወደ ሚሌና ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱት መንገዶች የሚለያዩት እዚያ ነው። ሰመራ ደግሞ አሳኢታን ተክታ የአፋር ክልል መቀመጫ የሆነች፣ ቢሮውም ዩኒቨርሲቲውም ደረቅ ወደቡም በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተተከሉባት ከተማ ናት። በሁለቱም የአገሩ ልጅና ከደጋ ተመድቦ የመጣው ሰው አጠገብ ላጠገብ ይሠራሉ። የበረሃ አበል የሚከፈለውም ባለሙያው ሙቀቱን ችሎ እንዲቆይ ነው። ድግሱም ለዚሁ ዓላማ የሚወጣ ገንዘብ ከሆነ እንደማንኛውም ወጪ መመዘን አለበት። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ድግስ ወጪውን የሚመልሰው ጥሬ ገንዘብ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ሲሰጥ ብቻ ነው።

ሒሳቡን እናስላው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለመዝናኛና ለመስተንግዶ የሚወጣ ገንዘብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ተቀናሽ ወጪ ሆኖ አይያዝም። ኩባንያ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ግብር ስለሚከፍል፣ በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር የሚፈጅ ድግስ ለመደገስ ከግብር በፊት 1,429 ብር ማትረፍ ይኖርበታል። ያው 1,429 ብር በቦነስ መልክ ቢከፈልስ? ቦነስ የደመወዝ ወጪ በመሆኑ ለኩባንያው ይቀነስለታል፤ ግብሩ የሚያርፈው በሠራተኛው ላይ ነው። በ2017 በተሻሻለው ማስከፈያ መጣኔ፣ በወር ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ሠራተኛ 35 በመቶ ተቆርጦበት 929 ብር ይደርሰዋል። ከ4,000 እስከ 7,000 ብር ባለው እርከን ውስጥ ያለ የጥበቃ ሠራተኛ ግን 20 በመቶ ብቻ ተቆርጦ 1,143 ብር እጁ ይገባል። እንግዲህ የ1,000 ብሩ ማዕድ ከቦነሱ የሚሻለው ለሥራ አስኪያጁ ነው፤ ለጥበቃው ቦነሱ ይበልጥበታል። ሳይታሰብበት የተደገሰ ድግስ ከዝቅተኛ ተከፋዩ ወስዶ ለከፍተኛ ተከፋዩ ይሰጣል ማለት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትርፍ ግብር ባይኖርበትም የሚያወጣው የሕዝብ በጀት ነውና ከጥያቄው አያመልጥም።

ታዲያ ገንዘቡን አከፋፍሎ መገላገል አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆኤል ዋልድፎገል በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የገና ስጦታ የተቀበሉ ተማሪዎች ለስጦታው የሰጡት ግምት ከተገዛበት ዋጋ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። በሌላ በኩል ሌላው የኢኮኖሚ ባለሙያ ጆርጅ አከርሎፍ በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ ውል ሲጽፍ የጠቀሰው ምሳሌ አለ። በአንድ ድርጅት የደንበኞችን ክፍያ የሚመዘግቡ ሴቶች በሰዓት 300 እንዲመዘግቡ ይጠበቅባቸው ነበር፤ እነርሱ ግን በአማካይ 353 ይመዘግቡ ነበር፣ ለዚያም ጭማሪ አይከፈላቸውም። አከርሎፍ ይህን የተረዳው በስጦታ ልውውጥ ነው፦ ሠራተኛ ለባልደረቦቹና ለድርጅቱ የመቀራረብ ስሜት ሲያድርበት ከታዘዘው በላይ ይሰጣል፤ ድርጅቱም ከግዴታው በላይ ይመልሳል። ይህ ስሜት ደግሞ ሳይተዋወቁ አይመጣም።

አፋር ይህን ለማወቅ የውጭ ጥናት አላስፈለገውም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ብቻ ተባብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የገበያውን፣ የሰላሙን ወሬ ይለዋወጣሉ። ዳጉ የሚባለው ይህ ነው። ለአርብቶ አደሩ ዳጉ የጊዜ ማሳለፊያ አይደለም፤ መንጋውን ወዴት እንደሚነዳ የሚወስንበት መረጃ ነው። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። የመጋዘን ሠራተኛው የሚያውቀውን ብክነት የሒሳብ ክፍሉ አይሰማም፤ ሾፌሩ ጋላፊ ድንበር ላይ ለምን ሁለት ቀን እንደቆመ የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው። አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ይህ ሁሉ ይወጣል። ቦነስ ደግሞ በባንክ ገብቶ በባንክ ይወጣል እንጂ ሰውን ከሰው አያገናኝም።

ድግሱ ግን ዳጉ የሚሆነው ሁሉም ሲቀመጥበት ነው። ሠራተኛን ጭኖ ቢሾፍቱ ሆቴል መውሰድ ያዝናናል የሚሉ አሉ፤ ከሙቀቱ ማምለጥ ራሱ ዋጋ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ሰመራ ከአዲስ አበባ 590 ኪሎ ሜትር ግድም ትርቃለች፤ ከዚህ ርቀት ሲኬድ አብዛኛው ወጪ ለነዳጅና ለአልጋ ይሆናል፣ ጥበቃውና ተረኛው ይቀራሉ፣ ገንዘቡም ከክልሉ ይወጣል። በዚያው ገንዘብ ለድግሱ የሚታረደው ፍየል ከቅርቡ የሎግያ ገበያ ቢገዛ ብሩ ለአርብቶ አደሩ ይደርሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ፣ ውሃና ለስላሳ በበረዶ ተቀብሮ ቢቀርብ ይበቃል። ፍየሉ ግን በሁለት መታረድ አለበት፦ ለሙስሊሙ በሙስሊም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ፤ ቢላውም ድስቱም የየራሱ። ይህ ወጪ ይጨምራል፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ግን ግማሹን እንግዳ ጾሙን መስደድ ነው።

ለድግሱ ከሠራተኛው የሚሰበሰበው መዋጮም ይታሰብበት። ከሁሉም እኩል 300 ብር ሲቆረጥ ፍትሐዊ ይመስላል፤ 6,000 ብር ለሚከፈለው ግን የደመወዙ 5 በመቶ ነው፣ 30,000 ለሚከፈለው 1 በመቶ። መዋጮ ካስፈለገ በደመወዝ ልክ ይሁን። መንገድ ላይ ላለው ሾፌርና ለማታ ተረኛው ሁለተኛ ምሽት ይመደብ።

ጎረቤት ተቸግሮ ሳለ ድግስ ነውር ነው የሚለውም ክርክር ክብደት አለው። በ2012 ክረምት የአዋሽ ወንዝ ሞልቶ በአፋር ብዙዎችን አፈናቅሏል፤ በ2017 በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ የአዋሽ ፈንታሌና የዱለሳ ነዋሪዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። በእንዲህ ያለ ዓመት ገንዘቡ ቅድሚያ ለተጎዱት፣ በተለይም ቤታቸው ለፈረሰ ባልደረቦች ይሁን ብዬ አምናለሁ። ውሳኔው ግን በሠራተኛው ጉባኤ ይተላለፍ።

የቀረው ቀኑ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቢደገስ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 4 ይዘልቃል። በውጭ አቆጣጠር ዓመቱን የሚዘጉ ድርጅቶች የሚመርጡት ዲሴምበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል፤ እሱም የነቢያት ጾም ነው። ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ በየጊዜው መታየት አለበት። ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ 20 ቀናት አሉ፤ ረቡዕና ዓርብን አስወጥታችሁ ከቀሩት አንዱን ምረጡ፣ ፍየሉንም በጊዜ ግዙ፤ አዲስ ዓመት ሲቃረብ ገበያው ይወደዳል።