ስለ ሰሊጥ የእሳት እራት



በክረምት ወራት በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በአብርሃ ጅራና በመተማ የሰሊጥ እርሻ መካከል ማታ ፋኖስ ቢበራ ብዙ ዓይነት የእሳት እራት ይሰበሰባል። ከእነዚህም አንዲቱ ትንሽ ናት፤ ክንፎችዋ ሲዘረጉ ስፋታቸው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የፊት ክንፎችዋ ቢጫና ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ስላላቸው ለዓይን ታምራለች። በጥጥ ማሳ ከሚገኘው፣ የፊት ክንፉ እንደ ሣር አረንጓዴ ከሆነው የእሳት እራት በዚህ ትለያለች። የሳይንስ ሰዎች አንቲጋስትራ ካታላውናሊስ ይሏታል።

ይህች ፍጥረት ራስዋ ቅጠል አትበላም፤ ጥፋቱ የሚመጣው ከልጆችዋ ነው። ስለዚህ ሰሊጡን ለማዳን የሚሻ ገበሬ የክንፍዋን መልክ ብቻ ሳይሆን አራቱን የዕድሜዋን ደረጃዎች ማወቅ ይገባዋል።

መጀመሪያው እንቁላል ነው። እናቲቱ አንድ አንድ እያደረገች በለጋ ቅጠልና በአበባ ላይ ትጥላለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ትል ይፈለፈላል፤ ይኸውም ሁለተኛው ደረጃ ነው። ትሉ የጫፉን ቅጠሎች ሐር በመሰለ ድር አጣብቆ በውስጡ ተሸሽጎ ይበላል። ሰሊጡ ሲያብብ አበባውን፣ ሲያፈራም ለጋውን ፍሬ እየበሳ ያጠፋል። ሁለት ሳምንት ያህል ከበላ በኋላ ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። በሦስተኛው ደረጃ መብላቱን ትቶ በአፈር ወይም በተጣበቀው ቅጠል ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል። በአራተኛው ክንፍ አውጥቶ ይበራል።

ይህ ሁሉ በቆላ ሙቀት በአንድ ወር ገደማ ስለሚፈጸም፣ ሰሊጡ ተዘርቶ እስኪታጨድ ድረስ ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራረባል። ዘግይቶ የተዘራ ሰሊጥ ይበልጥ የሚጎዳውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ገና ለጋ ሳለ የበዛው ትል ይደርስበታልና።

እንግዲህ ዝናሙ መሬቱን እንዳረሰረሰ ሳይዘገዩ መዝራት የመጀመሪያው መከላከያ ነው። ከበቀለም በኋላ በየሳምንቱ በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ የሰሊጡን ጫፍ መመልከት፣ የተጣበቀ ቅጠል ሲገኝም ከነትሉ ለቅሞ ማጥፋት ይጠቅማል። መድኃኒት መርጨት ግድ ቢሆን የእርሻ ባለሙያ ይጠየቅ፤ ትሉ በድር ከተሸፈነ በኋላ መድኃኒቱ በቀላሉ አይደርስበትምና አስቀድሞ ይደረግ። ንቦች የሰሊጥን አበባ ስለሚወዱ ርጭቱ እነርሱ ወደ ቀፎአቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን። ትሉን የሚገድሉ ጥቃቅን ተርቦችም ስላሉ ያለ ምክንያት መርዝ መርጨት ረዳትን ማጥፋት ነው።

ፋኖሱን የምትዞረው ባለቀለም ክንፍ እንግዲህ መልእክተኛ ናት፤ ያያት ሁሉ በማግስቱ ማሳውን ይመልከት።