የዓባይ በረሃ ጎዳናና የክረምቱ አዲስ ጠባይ

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ጎዳና ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ ዓባይ ወንዝ እስኪደርስ ድረስ 1,500 ሜትር ገደማ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ተሻግሮም ያንኑ ያህል መልሶ ስለሚወጣ፣ የሸዋንና የጎጃምን ነጋዴ፣ ሲራራና ተሳፋሪ ሲፈትን የኖረ ጎዳና ነው። ማዳበሪያ የጫነ ባለ ተሳቢ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ሲወርድ ፍሬኑ የጋለ እንደ ሆነ፣ ሾፌሩ ጥግ ይዞ ይቆምና ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ በዚያች ጊዜ ዓይኑን ወደ አስፋልቱ ዝቅ ያደረገ ሰው፣ አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ያለ፣ በጠጠርና በሬንጅ ተደፍኖ ዳግመኛ የተከፈተ ስንጥቅ ያያል። መንገዱ የተዘረጋበት ተረተር ራሱ በዝግታ ወደ ታች እየተጓዘ ነውና።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ከላይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰምና ሸክላማ ንጣፍ፣ በመጨረሻም የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ሲገኙ፣ በእነዚህ ሁሉ ላይ በየዘመኑ ከገደሉ ተንዶ የተከማቸው ልል አፈርና ቋጥኝ ተኝቶባቸዋል። የክረምቱ ውሃ በዚህ ልል ክምር ውስጥ ሰርጎ ሸክላው ዘንድ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል፤ ሸክላውም ሲርስ ይላላል፣ የተሸከመውንም ይለቃል። በዚሁ ጎዳና ዓባይን የሚያሻግረው፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውና 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መባቻ ከተመረቀ በኋላ፣ የጃፓን የትብብር ድርጅትና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች የተረተሩን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየለኩ እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ መርምረዋል። ጥናቱ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ነገር ግን አንድ ተረተርን ማከም ለአንድ አገር የመጓጓዣ ዕቅድ ማውጣት አይደለም።

የመንገድ መሐንዲስ ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ ምን ያህል ስፋት እንዲኖረው የሚወስነው፣ በ10 ወይም በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ በሚገመት ጎርፍ ነው፤ ግምቱም ካለፉት ዓመታት መዝገበ ዝናም የተቀዳ ነው። ባሕረ ሐሳብ ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲወስነው በድንጋጌ እንጂ በሰማዩ ጠባይ አይደለምና አይናወጥም፤ መሐንዲሱ ግን ያለፈውን ዝናም ለሚመጣው ሕግ አድርጎ ሲወስደው፣ ሰማዩ ያልተቀበለውን ድንጋጌ መደንገጉ ነው። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የአገራችን አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል፤ አየርም በየአንዱ ዲግሪ 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ለመያዝ ስለሚችል፣ የዓመቱ ዝናም ድምር ባይለወጥ እንኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ የቀድሞውን ቱቦ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የሚመጣው ዝናም ካለፈው ይለይ እንደ ሆነ ማንም ሊጠይቅ አይችልም ነበር፤ ዛሬ ግን ሳይጠየቅ መቅረቱ ይቅርታ የለውም።

ጎርፉን ከአስፋልቱ አርቆ መጣልም በራሱ መፍትሔ አይደለም። ከቱቦ አፍ ተሰብስቦ የሚወጣው ውሃ በገበሬው ማሳ ላይ ቦረቦር ይቆፍራል፣ ቦረቦሩም ወደ ላይ እየበላ መጥቶ የመንገዱን መሠረት ይነካል። በትግራይ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በተሳተፉበት ሥራ፣ ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ እርሻ እንዲመራ የተደረገው ይህ ስለታወቀ ነው። በዓባይ በረሃ ግን ያው ብልሃት እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም፤ በሚንሸራተት ተረተር ላይ ውሃ ማስቀረት መርዝ ነውና፣ እዚያ የሚያስፈልገው የተለሰነ ቦይና ውሃውን ፈጥኖ ወደ ወንዙ የሚያወርድ መውረጃ ነው።

የክልል ዕቅድ አውጪዎች ይልቁንም ሊያስቡበት የሚገባው፣ ይህ ጎዳና አንድ ሳምንት ቢዘጋ ጤፉና በሽተኛው በየት በኩል ይሄዳሉ የሚለውን ነው። በነቀምትና በቡሬ መካከል፣ እንዲሁም በመካነ ሰላምና በጉንደወይን መካከል ዓባይን የሚሻገሩ መንገዶች አሉ፤ እነዚህን እንደ ተራ የወረዳ መገናኛ ሳይሆን እንደ ተለዋጭ አውራ ጎዳና ቆጥሮ፣ ድልድያቸውንና ቱቧቸውን ለከባድ መኪናና ለአዲሱ ዶፍ ማዘጋጀት፣ በአንዱ ገደል ላይ ብቻ ገንዘብን ከማፍሰስ የሚበልጥ ጥበብ ይመስለኛል።

የጥገናው ገንዘብ ምንጭም የራሱ ችግር አለበት። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ፣ ለጥገና የሚያውለውን ገቢ በይበልጥ በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ እንዲያገኝ ነበር የታሰበው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አውቶሞቢል ጢስ አያወጣም፣ ነዳጅም አይቀዳም፤ አስፋልቱን ግን እንደ ሌላው ይረግጣል። የነዳጅ አውቶሞቢልን የከለከለው ትእዛዝ፣ በአየር ለውጥ የሚጎዳውን መንገድ የሚጠግነውን ካዝና እንዳያራቁት፣ ክፍያው ከነዳጅ ይልቅ በመኪናው ክብደትና በሚሄደው ርቀት ላይ ቢመሠረት ይሻላል፤ ከሚሰበሰበውም ውስጥ፣ ሰኔ ሳይገባ የተረተሩን ቦዮች ለመጥረግና ስንጥቁን ውሃ እንዳይገባበት ለመድፈን የሚውለው ድርሻ፣ ለሌላ ሥራ እንዳይዛወር ተለይቶ መመደብ አለበት።