ልብ ሲጠገን ሳንባ ቢታወክ

ልብና ሳንባ በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም ሌላው እንቅልፍ የለውም። ደም ከልብ ቀኝ ክፍል ወደ ሳንባ ሄዶ ኦክሲጅን ይቀበላል፤ ከዚያም በግራው ክፍል በኩል ወደ መላው አካላት ይሠራጫል። ስለዚህ ልብን ለመጠገን የተነሣ ሐኪም ስለ ሳንባም ማሰብ ግዴታው ነው። እኔንም ይህን ነገር እንዳጠና ያነሣሣኝ ታናሽ እኅቴ የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ መጠበቋ ነው። እናታችን «ልቧ ሲቆም ትንፋሿስ?» እያለች ትጠይቃለችና፣ ያገኘሁትን መልስ ለእርሷም ለአንባብያንም አቀርባለሁ።

በብዙው የልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ልብ እንዲቆም ይደረጋል። ያን ጊዜ ደሙን ተቀብሎ ኦክሲጅን እየሰጠ ወደ ሰውነት የሚመልሰው የልብና የሳንባ መኪና ነው። የዚህ መኪና አሳብ ራሱ የተወለደው ከሳንባ ሕመም ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጆን ጊበን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ከተማ አንዲት በሽተኛ ሲጠብቅ አደረ። የረጋ ደም የሳንባዋን የደም ሥር ዘግቶባት ነበርና ሞተች። ጊበንም ደሟ ከአካሏ ውጭ ኦክሲጅን የሚያገኝበት መንገድ ቢኖር ኖሮ ብሎ አሰበ። ከ20 ዓመታት ድካም በኋላ፣ በ1945 ዓ.ም. (1953 እ.ኤ.አ.) በፊላደልፊያ ከተማ፣ በአንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ ልብ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ሲደፍን፣ መኪናው ለ26 ደቂቃ የልቧንና የሳንባዋን ሥራ ሠራላት።

አስጊው ሰዓት ጥገናው አልቆ ሳንባ ወደ ሥራው ሲመለስ ነው። ድንገት ቢታወክ ሐኪሞቹ ሳይደናገጡ ነገሩን በተራ ይመረምራሉ። በመጀመሪያ ንጹሕ ኦክሲጅን ይሰጣሉ፤ በጉሮሮ የገባው ቱቦ እንዳልተዘጋና ከቦታው እንዳልተንሸራተተ ያያሉ፤ አክታ ወይም ደም ካለበት ይመጥጣሉ። ደረቱ ክፍት ከሆነ ቀዳጁ ሐኪም ሳንባው ሲነፋና ሲሟሽሽ በዐይኑ ይመለከታል። በሳንባው ዙሪያ አየር ወይም ደም ተጠራቅሞ ቢጫነው በቱቦ ያስወጡታል። የአየር ቧንቧዎቹ ቢጠቡ የሚያሰፋ መድኃኒት ይሰጣሉ። ሳንባው ውኃ ቢቋጥር ልብን የሚያበረታ ወይም ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ። ከአንዱ ሳንባ ደም ቢፈስ ደግሞ ወደ ጤነኛው እንዳይገባ ሁለቱን ይለያዩአቸዋል። ይህ ሁሉ ባይበቃ በሽተኛውን እንደ ገና ወደ መኪናው ይመልሱታል፤ ሐኪሙም የሕመሙን መንሥኤ የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል። ሳንባ እስኪያገግም ድረስ ለብዙ ቀናት የሚያግዝ ሌላ መኪናም ተሠርቷል።

በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ የሚጎዳው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚነሣው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ የእኅቴም ሕመም ከዚህ የመጣ ነው። በግራ በኩል ያለው የልብ በር ሲጠብ ደም እንደ ተገደበ ወንዝ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባን ያስጨንቃል። እንዲህ ያለው በሽተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባው ሳንባው አስቀድሞ ደክሞ ነው። እንግዲህ ወላጆቻችን የልጆቻቸውን የጉሮሮ ሕመም ቀላል ነው ብለው እንዳይንቁት እለምናለሁ። ጓደኞቼም ጉሮሯችሁን ሲያማችሁ ዝም አትበሉ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ይህን ትኩሳት የሚያመጣው ተሕዋስ በጊዜው ከተደረሰበት በፔኒሲሊን ይጠፋልና።